ለእናቴ የላኩት 200 ዶላር «ካሽ አድቫንስ» ተብሎ ተቆረጠብኝ፤ ማስመለስ ይቻላል?

ሰላሟ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። የካርድ ነገር የሚገባችሁ እስቲ አስረዱኝ።

ለፋሲካ ለእናቴ 200 ዶላር ላክሁ። አፑ ሁሌ የምጠቀምበት ነው። ደሞዝ ስላልገባ በዴቢቱ ፋንታ ክሬዲት ካርዴን አስገባሁ። «የመላኪያ ክፍያ 0.00» አለኝ። ደስ ብሎኝ ላክሁ።

ስቴትመንቱ (የወሩ የካርድ ሒሳብ) ሲመጣ ካሽ አድቫንስ፣ ማለት በካርድ የተወሰደ ጥሬ ገንዘብ፣ 200.00 ይላል። ዝቅ ብሎ ፊ የሚለው ስር 10.00 አለ። ከሱ በታች ደግሞ ወለድ 3.45። እኔ ኤቲኤም አጠገብ አልደረስኩም! የምን ካሽ ነው የወሰድኩት? ስደውል ልጅቷ «ሲስተሙ ነው» ብላ ሸኘችኝ። ይሁን ብዬ በዲው ዴቱ፣ በመክፈያው የመጨረሻ ቀን፣ 213.45 ሙሉውን ከፈልኩ። ባላንሴ ዜሮ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወለድ 4.39 ይዞ መጣ። ዜሮ መውለድ ጀመረ እንዴ?

ሲደመር 17 ዶላር ከ84 ሳንቲም ነው። ከብሩ በላይ ያናደደኝ አንድም ሰው ቀድሞ አለመናገሩ ነው። ወንድሜ «200ውንም ዲስፒዩት አድርጊው (አልቀበልም ብለሽ ለባንኩ አመልክቺ)፣ ይመልሱልሻል» ይለኛል። ያዋጣል?

ባለታክሲው፣ ዲሲ

አይዞሽ እህቴ፣ ይቺን ያልቀመሰ ሐበሻ የለም። ከዚህ በኋላ ከቼኪንግ አካውንትሽ ወይም በዴቢት ላኪ። የወንድምሽን ምክር ግን እንዳትሰሚ።

የሒሳብ ሰው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ መጀመሪያ 200ውን ተይው። እናትሽ ብሩን ተቀብለዋል አይደል? ታዲያ በምን አፍሽ ትከራከሪያለሽ? የሐዋላው ድርጅት አካውንትሽን ሊዘጋብሽ ይችላል። ማስረጃውን ለባንኩ ካቀረበም ዕዳው ተመልሶ አንቺው ላይ ይጫናል።

ብዙ ባንኮች ካሽ አድቫንስ የሚሉት ከኤቲኤም የሚወጣውን ብቻ አይደለም። ሐዋላ፣ መኒ ኦርደር፣ የካዚኖ ቺፕ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። አፑ 0.00 ያለሽ የራሱን ክፍያ ነው። ባንክሽ የሚቆርጠው ሌላ ነው።

ከካርዱ ውል ጋር ወለድና ክፍያ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ አለ። ይህን ማሳየት በሕግ ግዴታቸው ነው። የካሽ አድቫንሱን ረድፍ ፈልጊ። አብዛኛውን ጊዜ «10 ዶላር ወይም 5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው» ይላል። ወለድሽ፣ ከጻፍሽው ቁጥር ሳሰላው፣ 29.99 በመቶ ይመስላል። በ210 ዶላር ላይ በቀን 17 ሳንቲም ገደማ ነው። የ20 ቀን ሲሰላ 3.45 ይመጣል። ዕቃ ስትገዢ ወር በወር ሙሉውን ከከፈልሽ ወለድ የለም። ካሽ አድቫንስ ላይ ግን ያ ፋታ የለም፣ ከወሰድሽበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል።

4.39ኙም የዚያው ትርፍራፊ ነው። ስቴትመንቱ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ እስከከፈልሽበት ድረስ የተቆጠረ ወለድ ነው፤ 25 ቀን ይሆናል። ስቴትመንቱ ሲወጣ ገና ስላልተቆጠረ 213.45 ውስጥ አልገባም። ሌላ ጊዜ ካጋጠመሽ ዲው ዴቱን አትጠብቂ፣ ያንኑ ዕለት ክፈዪ።

ወደ ዲስፒዩቱ ልምጣ። በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚጠብቅሽ ከቢል ስሕተት ነው። ያላዘዝሽው፣ ሁለቴ የተቆረጠ፣ ያልደረሰሽ ዕቃ፣ የስሌት ስሕተት፣ እንዲህ ያለውን። ውሉ ላይ የተጻፈ ክፍያ ግን የቱንም ያህል ቢያናድድ ስሕተት አይባልም። የቆረጡብሽ ከሠንጠረዡ ጋር ካልገጠመ ያኔ በስልክ ብቻ አትለፊው፣ በጽሑፍ አድርጊው። ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ደብዳቤው ቼክ ወደሚላክበት አድራሻ አይደለም የሚሄደው፣ ስቴትመንቱ ላይ ለቢል ጥያቄ ተብሎ ወደተጻፈው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሰርቲፋይድ ሜይል አድርጊውና ደረሰኙን ያዢ። በ30 ቀን ውስጥ «ደርሶናል» ማለት አለባቸው። በሁለት የቢል ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን መጨረስ አለባቸው። እስከዚያ የተከራከርሽበትን አለመክፈል ትችያለሽ፣ ቀሪውን ግን በጊዜው ክፈዪ። እምቢ ካሉ ሲኤፍፒቢ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቤቱታ በነጻ ይቀበላል።

ያንቺው ግን በእኔ እምነት የክርክር ሳይሆን የልመና ጉዳይ ነው። ደውይና ሱፐርቫይዘር ጠይቂ። «የቆየሁ ደንበኛ ነኝ፣ አዘግይቼ ከፍዬ አላውቅም፣ ይህን ፊ አንሱልኝ» በይ። ሳትቆጪ። በዚያው የካሽ አድቫንስ ሊሚትሽን ዜሮ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፣ አንዳንዱ ባንክ ያደርጋል። ያኔ በስሕተት ብትልኪ እንኳ ካርዱ እምቢ ይላል እንጂ አይቆርጥብሽም።

መንገደኛዋ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ለክረምት አገር ቤት የምትሄዱ ዱባይ ላይ ስትገዙ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ድርሃም በሉ! ዶላር ካላችሁ ምንዛሪው የሚሰላው በሱቁ በኩል ነው፣ ትርፉም እዚያው ውስጥ ነው። ካርዳችሁ የውጭ አገር ግዢ ላይ 3 በመቶ የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ በዶላር መክፈላችሁ ላያድናችሁ ይችላል፣ ሱቁ ያለው ውጭ አገር ነዋ። እኔ እናቴ ለላከችኝ ሽቶ ሁለቱንም ከፍያለሁ፣ ሽቶውንም አልወደደችውም።

ሰላሟ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠንጠረዡን አገኘሁት። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያክላል፣ ግን ልክ እንዳሉት ነው፣ 10 ዶላር ወይም 5 በመቶ፣ ወለዱም 29.99።

ደወልኩ። የመጀመሪያው ልጅ እንደተለመደው «ሲስተሙ ነው» አለ። ሱፐርቫይዘር ስል ሙዚቃ ላይ አስቀመጡኝ፣ ምሳዬን በልቼ ጨረስኩ። ሴትዮዋ ስትመጣ ግን ሰው ናት። 10 ዶላሩንና 4.39ኙን መለሰችልኝ። 3.45ቱን «እሱን አልነካም» አለች፣ አልተከራከርኳትም። ሊሚቱን ዜሮ አናደርግም፣ ዝቅተኛው 100 ዶላር ነው ብላ እዚያ ላይ አወረደችው።

አንድ ነገር ብቻ፣ 100 ዶላር ብቻ ብልክስ 5 ዶላር ነው የሚቆርጡት?

የሒሳብ ሰው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አይደለም፣ 10 ነው። የሚበልጠው ነው የሚወሰደው። ካርዱን ከአፑ ላይ አጥፊው።