ሁለት ተርጓሚ፣ አንድ የጉድጓድ ሪፖርት፦ ማንን ልያዝ?

ሰነድ ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የውሃ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሰነድ የማደራጀው እኔ ነኝ። ከወረዳ የጥልቅ ጉድጓድ ማጠናቀቂያ ሪፖርትና የፓምፕ አያያዝ መመሪያ በአማርኛ ይመጣልናል። ገንዘቡን የሚሰጡት ውጭ ስለሆኑ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይቀበሉም። ቋሚ ተርጓሚ ፈልጊ ተባልኩና ለሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ገጾች ሰጠሁ። ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛውን እንደኛው ትምህርት ቤት ነው የተማሩት።

የመጀመሪያው («ሀ» እንበለው) እንግሊዝኛው ይፈሳል። ሥራ አስኪያጃችን ሁለት አንቀጽ አንብቦ «በቃ፣ ይሄ ነው» አለ። የሁለተኛዋ («ለ») ግን አጭርና ደረቅ ነው፤ «ዘ» እና «ኤ» መግባት ያለባቸው ቦታ ባዶ ነው። በዚያ ላይ ከትርጉሙ ጋር አንድ ገጽ ሙሉ ጥያቄ ላከችልኝ። አለቃዬ «ካልገባት ለምን ተቀበለች?» ብሎ ተቆጣ።

እኔ ደግሞ የ«ለ» ይሻላል የሚል ስሜት አለኝ፤ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። የኔም እንግሊዝኛ ያው የትምህርት ቤት ነው። በምን ልመዝናቸው? ናሙናው ይኸው፤ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

ዋናው፦ «መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በ96 ሜትር ጥልቀት ውሃ ተገኘ። ውሃው ሽቅብ ወጥቶ 41 ሜትር ላይ አረፈ። የፓምፕ ሙከራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀመረ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሳይኖር ፓምፑ በፍጹም መነሳት የለበትም።»

ሀ፦ «ኦን ማርች 12፣ 2015፣ ዘ ድሪሊንግ ቲም ሪችድ ኤ ዋተር ሌቭል ኦቭ 96 ሜትርስ፣ ዊች ሌተር ሴትልድ ኤት 41 ሜትርስ። ዘ ፓምፒንግ ቴስት ኮሜንስድ ኤት 2፡00 ኤኤም። ኢት ኢዝ አድቫይዘብል ኖት ቱ ኦፐሬት ዘ ፓምፕ ዊዛውት ዋተር።»

ለ፦ «ማርች 21፣ 2023። ዋተር ስትራክ ኤት 96 ሜትር። ስታቲክ ዋተር ሌቭል 41 ሜትር። ፓምፒንግ ቴስት ስታርትድ 08፡00። ዱ ኖት ስታርት ፓምፕ ኢፍ ዌል ሃዝ ኖ ዋተር።»

የቁፋሮ ሰው፦

እህቴ፣ አለቃሽ የመዘነው እንግሊዝኛውን እንጂ ትርጉሙን አይደለም። ትርጉም የሚመዘነው አማርኛው ከጎኑ ተዘርግቶ ነው። አማርኛውን ዘርግቼ ሳየው የ«ሀ» ሥራ አራት ዓረፍተ ነገር ላይ አራት ቦታ ወድቋል። አንዱም የሰዋስው አይደለም።

ከ96ና ከ41 ልጀምር፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያ ላይ ነውና። ብዙ ጊዜ ውሃ ያዘለው ድንጋይ ከላዩ በሸክላ አፈር ወይም ውሃ በማያሳልፍ ዓለት ታፍኖ ይገኛል። ቢቱ (የመቆፈሪያው ጫፍ) ያንን በስቶ ሲገባ ውሃው በራሱ ግፊት ኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቧንቧ) ውስጥ ሽቅብ ይወጣና አንድ ቦታ ይረጋል። የተገኘበት አንድ ነገር፣ ያረፈበት ሌላ ነገር። ፓምፕ የሚመርጠው መሐንዲስ የሚነሳው ካረፈበት ነው፦ ከ41። ሙከራው ላይ ውሃው ስንት ሜትር እንደወረደ ይጨምርበታል፤ ከዚያ እስከ ታንከሩ ያለውን ከፍታ፣ ከዚያ ቧንቧው ውስጥ የሚባክነውን። «ሀ» ሁለቱንም «ዋተር ሌቭል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሏቸዋል። አንባቢው 96ን ይዞ ከሄደ 55 ሜትር ትርፍ የሚገፋ ፓምፕ ያዝዛል፤ ጄኔሬተሩም ኬብሉም አብሮ ይወፍራል። «ለ» የጻፈችው ግን ማንኛውም የጉድጓድ ባለሙያ፣ ሕንድም ይሁን ኬንያ፣ አንድ ጊዜ አይቶ የሚረዳው ነው።

ቀኑ ላይ «ሀ» መጋቢትን ማርች አለና ቁጥሮቹን እንዳሉ ተዋቸው። ለጋሾቹ የስምንት ዓመት ጉድጓድ ልታስረክቧቸው የመጣችሁ ይመስላቸዋል። ሰዓቱም ያው ነው፤ የጠዋቱ 2 ሰዓት ሌሊት ሆኖ ቁጭ ብሏል።

የመጨረሻው ደግሞ ያስፈራኛል። «በፍጹም መነሳት የለበትም» የሚለው ክልከላ ነው፤ የ«ሀ» ምክር ሆነ። ሰብመርሲብል ፓምፕ (ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራው) ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው የሚያልፈው ውሃ ነው፤ ደረቅ ከዞረ ይቃጠላል። ዘበኛው «ባይነሳ ይመረጣል» የሚል መመሪያ ይዞ ፓምፑን ቢያቃጥል ማን ይጠየቃል?

እኔ የተተረጎመ ሰነድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ አላነበውም። በሁለቱም ላይ ቁጥሩን ሁሉ ከነመለኪያው በእስክሪብቶ አከብና አስተያያለሁ። ከዚያ አማርኛው ላይ «ሳይ»፣ «እንዳይ»፣ «የለበትም» ያለበትን አሰምርና እያንዳንዳቸው ወዴት እንደሄዱ እፈልጋለሁ፤ አሉታችን ቃሉ ራስጌ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ነገር ስለሆነች ዓይን ይዘላታል። ከዚያ አንድ ዕቃ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ስም መጠራቱን አያለሁ። ይህን ያለፈ ሰነድ ነው ቁጭ ብዬ የማነበው። ለዚህ ደግሞ ያንቺ እንግሊዝኛ ይበቃል።

የ«ለ»ን ጥያቄዎች እስቲ ላኪልን።

ሰነድ ክፍል፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥቂቶቹን ልገልብጥ፦

«የሙከራው መዝገብ መጋቢት 13 ሌሊት 7 ሰዓት ይላል። ለ13 አጥቢያ ነው ወይስ ለ14 አጥቢያ?»

«ገጽ 2 ላይ “ቧንቧ” የሚለው ኬሲንጉን ነው ወይስ ፓምፑ የተንጠለጠለበትን?»

«ገጽ 3 ላይ ምርቱ (ጉድጓዱ የሚሰጠው ውሃ) 4.5 ሊትር ይላል፤ በሴኮንድ ነው በደቂቃ አልተጻፈም። በሴኮንድ ነው ብዬ ገምቻለሁ፤ አረጋግጡልኝ።»

የቁፋሮ ሰው፦

ይህችን ልጅ እንዳትለቂያት። የሌሊቱ ጥያቄ ብቻ ይበቃኛል። ለኛ ሌሊቱ የትኛው ቀን እንደሆነ እንደ ጸሐፊው ነው፤ ፈረንጁ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ይቀይራል። 24 ሰዓት የቆየ ሙከራ መሃሉ ላይ ቀን ቢዘል ሠንጠረዡ በሙሉ ይበላሻል። «ሀ» እዚህ ቦታ ላይ ምን ጻፈ? ምንም ካልጠየቀ ገምቶ አልፏል ማለት ነው፤ ግምቱም እንግሊዝኛው ስለሚያምር አይታይም።

ሃንጋር፦

በቁፋሮው ሰው እስማማለሁ፤ ግን «ለ»ን እንዲህ በቀላሉ አናሳልፋት። እኔ የአውሮፕላን ጥገና ላይ ነኝ። የምንሠራበት መመሪያ አብዛኛው የሚጻፈው ኤኤስዲ-ኤስቲኢ100 በሚባል የተገደበ እንግሊዝኛ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ አየር መንገዶች ጠይቀው የተጀመረ ነው፤ የመጀመሪያው እትም በፈረንጆቹ 1986 ወጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መመሪያውን የሚያነበው መካኒክ አብዛኛው እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አይደለም። የሥራ ትዕዛዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል አይበልጥም፤ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይይዛል። «ቴስት» ለምሳሌ ስም ብቻ ነው፤ ግሥ አድርገህ መጻፍ ክልክል ነው። አለቃሽ ደረቅ ያለው አጻጻፍ አንድ ኢንዱስትሪ ሙሉ ሆን ብሎ የመረጠው ነው።

ግን ያው ሕግ «ዘ» እና «ኤ»ን ጣል አይልም። እንዲያውም ጻፍ ይላል። ጣቢያው ላይ ሁለት ፓምፕ ካለ «ስታርት ፓምፕ» የቱን ነው? «ክሎዝ ቫልቭ» ሲባልስ? «ለ» ይህን ማስተካከል አለባት። የሚታረም ጉድለት ነው፤ ከ«ሀ» ጉድለት ጋር ግን አይወዳደርም።

ዋሽንግተን ዲሲ ነኝ፦

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን ለጋሽ ሪፖርቱን ሲገልጥ የሚያየው መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ነው። የተሰባበረ እንግሊዝኛ ካየ ቁፋሮውም የተሰባበረ ይመስለዋል። ለምን እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አርታኢ አትቀጥሩም? «ለ» ትተርጉም፣ እሱ ያሳምር።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ሥራዬ የሌላ ሰው ትርጉም ማረም ነው። ወንድሜ ዲሲ ያለው መንገድ ይሠራል፤ አርታኢው አማርኛውን ከማያውቅ ግን የመጨረሻው እጅ የሱ መሆን የለበትም። አንዴ የግንባታ ሰነድ ሰጥተን «ሻል» ያለውን ሁሉ ጨዋ ይሁን ብሎ «ሹድ» አደረገው፤ የውል ግዴታው ሁሉ ምክር ሆኖ ተመለሰ። «ኬሲንግ» አሥር ጊዜ ሲደጋገም ሰለቸውና አንዱን «ፓይፕ»፣ አንዱን «ቲዩብ» አለው። ድርሰት ላይ ያስመሰግነዋል፤ እዚህ ግን ሦስት የተለያየ ዕቃ ፈጠረ። አይኤስኦ 17100 የሚባለው የትርጉም አገልግሎት መመዘኛ፣ በፈረንጆቹ 2015 የወጣው፣ ሁለተኛ ሰው ትርጉሙን ከዋናው ጋር እያመሳከረ እንዲያርም ግዴታ ያደርጋል። እንግሊዝኛውን ብቻ ማንበብን ለብቻው ሌላ ሥራ ብሎ ነው የያዘው።

ለአለቃሽ ቁጥር ካስፈለገው ኤስኤኢ ጄ2450ን አሳዪው። የመኪና ጥገና መመሪያ ትርጉም ለመመዘን የተሠራ ነው፤ ለውሃም ይሆናል። የተሳሳተ የሙያ ቃል ከባድ ከሆነ 5 ነጥብ፣ ቀላል ከሆነ 2። የተዘለለ ነገር ከባድ ከሆነ 4። ሥርዓተ ነጥብ ከባድም ቢሆን ከ2 አይበልጥም። ድምሩ ለዋናው ጽሑፍ ቃላት ብዛት ይካፈላል፤ ትንሽ ያገኘ ያሸንፋል። ከባድ ነው ቀላል ነው ብለሽ ከተጠራጠርሽ ከባድ በዪው ይላል። የአጻጻፍ ውበት ደግሞ ጭራሽ ነጥብ የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንግሊዝኛውን በማሽን ወደ አማርኛ መልሰሽ አትፈትሺ። የ«ሀ» «ዋተር ሌቭል» «የውሃ ደረጃ» ሆኖ ይመለስልሻል፤ ደህና ነው ብለሽ ታልፊያለሽ።

ሰነድ ክፍል፦

በጄ2450ው ሁለቱንም ደምሬ ለአለቃዬ አሳየሁት። የ«ሀ»ን ቀን ሲያይ ዝም አለ፤ ከዚያ «ለ» ትያዝ፣ አርታኢ ግን ይጨመር አለ። አርታኢው ያሳመረውን «ለ» ራሷ ከአማርኛው ጋር መልሳ እንድታይ ውሉ ላይ ላስገባ ነው። የምንከፍለው በገጽ ነው፤ ለዚህ ሥራስ እንዴት ይከፈላል?

ቀይ እስክሪብቶ፦

በሰዓት። በገጽ ከከፈልሻት ጥያቄ መጠየቋን ታቆማለች፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ከኪሷ ነው የሚወጣው። እና ለጥያቄዎቿ የሚመልስ አንድ ሰው ከወረዳው በስም ይመደብ፣ ስልኩም ይሰጣት።