ስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎችን ስናጠና ድምፅ ይደራረባል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ድረ ገጽ ላይ ፎርም ሲሞሉ እያጠናን ነው። ተሳታፊው እየሠራ የሚያስበውን ሲናገር የእሱና የስክሪን ሪደሩ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም) ድምፅ ይጋጫል፤ ቅጂው ምንም አይለይም። ምን ይደረግ?

መልስ 1፦ እየሠሩ ማውራቱን ተዉት። ጆሮው ሥራ ላይ ነው፤ ሲያወራ የተነበበው ያመልጠዋል። ሥራውን ይጨርስ፣ ከዚያ ቅጂውን እያቆማችሁ ጠይቁ። ስክሪን ሪደሩ ኤንቪዲኤ (NVDA) ከሆነ ከቱልስ ሜኑ «ስፒች ቪወር»ን ክፈቱ፤ የሚነበበው ሁሉ በጽሑፍ ይወጣል። የንባቡን ፍጥነት ግን እንዳትነኩ! ለእናንተ ጫጫታ የሆነው ለእሱ መደበኛ ንባብ ነው።

መልስ 2፦ የራሱን መሣሪያ ይጠቀም። በሰው ኮምፒውተር ላይ የምትለኩት የእሱን ችሎታ ሳይሆን ከማያውቀው ሴቲንግ ጋር የሚያደርገውን ትግል ነው። በዙም ከሆነ ስክሪን ሲያጋራ የኮምፒውተሩ ድምፅ አብሮ እንዲሄድ ካልመረጠ ስክሪን ሪደሩ አይሰማችሁም። የስምምነት ቅጹንም ስካን አድርጋችሁ አትላኩ፤ ምስል ስለሆነ በቀጥታ አይነበብለትም። በወርድ ላኩት።

ጠያቂ፦ አይፎን ላይስ?

መልስ 1፦ በአይፎኑ ስክሪን ሪደር በቮይስኦቨር ሴቲንግ ውስጥ «ካፕሽን ፓነል» አለ፤ እሱም የሚነበበውን በጽሑፍ ያሳያል።

መልስ 3፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተሳታፊው የኤች (H) ቁልፍን ተጭኖ ከርዕስ ርዕስ መዝለል ትቶ በታብ ብቻ ሲሄድ «አይችልም» ብላችሁ አትመዝግቡ። መጀመሪያ የገጹን ኮድ እዩ፤ ርዕሱ በኮዱ ውስጥ ርዕስ ተብሎ ሳይሰየም በደማቅ ፊደል ብቻ ከተጻፈ ኤች የሚያገኘው ነገር የለም።