8 ÷ 2(2 + 2)፦ የተሳሳተው ልጁ ነው ወይስ ጥያቄው?

የተማሪ እናት፣ አዘዞ፦ ስድስተኛ ክፍል ያለው ልጄ ይህን ጥያቄ 1 ብሎ መልሶ ኤክስ ተደርጎበት መጣ። መልሱ 16 ነው ተባለ። ቅንፉ 4፣ በ2 ሲባዛ 8፣ 8 ለ8 ሲካፈል 1። ምኑ ላይ ነው ያጠፋው? ሁለት ማርክ ሄዶበታል።

መምህር፣ ማራኪ፦ እህቴ፣ ማካፈልና ማባዛት እኩል ናቸው፤ ከግራ የመጣው ይቀድማል። 8 ለ2፣ 4። በ4 ሲባዛ 16። ችግሩ ልጆቹ ቦድማስን (የትኛው ስሌት እንደሚቀድም ማስታወሻ የሆነውን ምህጻረ ቃል) እንደ ወረፋ መሸምደዳቸው ነው። 10 − 4 + 3 ስሰጣቸው "መደመር ይቀድማል" ብለው 3 የሚሉ አሉኝ። መልሱ 9 ነው።

ባለሱቅ፣ አራዳ፦ እኔ ቦድማስ አላውቅም፤ ኪሳራ ግን አውቃለሁ 😂 የ150 ብር ሽሮና ሁለት ባለ 40 ሳሙና ሸጬ ልጄን ደምር አልኩት። በትንሿ ካልኩሌተር 150 + 2 × 40 ብሎ ቢጫን 6,080 ብር! በስልኬ ስሠራው 230። ትንሿ በተጫነችበት ቅደም ተከተል ነው የምትሄደው ለካ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። 2(2 + 2) ላይ የማባዛት ምልክት የለም፤ ተጣብቆ ነው የተጻፈው። ፊዚክስ ላይ 1/2π ሲጻፍ 1ን ለ2π ማካፈል ነው እንጂ ግማሽ ፓይ ብሎ የሚያነበው የለም። ይህችው ጥያቄ በ2019 በትዊተር ዓለምን አጨቃጭቃለች፤ ሳይንሳዊ ካልኩሌተሮች ራሳቸው አንዱ 16፣ ሌላው 1 ይላሉ። "አሮጌ ወንበርና ጠረጴዛ ይሸጣል" ቢባል ጠረጴዛው አሮጌ ነው ወይስ አዲስ? ሻጩን ነው የምንጠይቀው፤ ገዢውን አንቀጣም።

መምህር፣ ማራኪ፦ መጽሐፋችን ላይ ያለው ሕግ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሁሉም በየፊናው ካነበበ ምን ብዬ ላርም?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ (8 ÷ 2) × (2 + 2) ብሎ መጻፍ ነዋ። አንድ ቅንፍ ቀለም አይጨርስም።

መምህር፣ ማራኪ፦ እሽ፣ አጻጻፉ ላይ ተረታሁ። እኔ ብሆን በክፍልፋይ መስመር ነበር የማወጣው። ልጁ ግን እስከዚያው 16 ይበል፤ ከጎኑም እንዴት እንዳነበበው ይጻፍ።

የተማሪ እናት፣ አዘዞ፦ ሁለቷ ማርክስ?

ባለሱቅ፣ አራዳ፦ በትንሿ ካልኩሌተር ትደመርለት 😂