በታንከር ወይስ በኮምፕሬሰር? የፕሮፖዛላችን ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለኢንፍራሬድ (የሙቀት ጨረር) የጠፈር ቴሌስኮፓችን የ3 ሜትር መስታወት ብላችሁ የጻፋችሁ፣ ምኞቱ ደስ ይላል፣ ግን ማን ይከፍለዋል? አይራስ የተባለው የኢንፍራሬድ ሳተላይት በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሰማዩን ያሰሰው በ57 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም 85 ነበር። 80 ብለን እንዝጋውና ወደ ዋናው ጭቅጭቅ እንግባ፤ የራሱ ሙቀት የሚያየውን እንዳይሸፍንበት ቴሌስኮፑን በምን እናቀዝቅዘው?

የመስታወት ክፍል፦ በታንከር በተሞላ ፈሳሽ ሂሊየም። ተሞክሯል፣ ንዝረትም የለው።

የሙቀት ክፍል፦ ሲያልቅስ ወንድሜ? አይራስ የሠራው 10 ወር ነው። ስፒትዘር ደግሞ በ360 ሊትር ብቻ ከ5 ዓመት ተኩል በላይ ቆየ። ቴሌስኮፑ ሲመጥቅ ሞቃት ነበር፣ ቅዝቃዜው ውስጥ የነበሩት መሣሪያዎቹ ናቸው፤ ከምድር ርቆ፣ ፀሐይዋን በሶላር ፓኔሉ ከልሎ፣ ጥቁር በተቀባው ጀርባው ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየለቀቀ ራሱን በራሱ አቀዘቀዘና ለሂሊየሙ የተረፈችው ትንሿ ሥራ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ረቂቁ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ጥላው ነው! ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በአምስት ድርብ የፀሐይ መከላከያው ያለ ምንም ሞተር 40 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 233 ዲግሪ ሴልሺየስ) አካባቢ ይወርዳል። ከ7 ኬልቪን በታች የሚፈልገው ሚሪ የተባለው መሣሪያ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያቀዘቅዘው በኮምፕሬሰር እየተገፋ በዝግ ቧንቧ የሚዞር የሂሊየም ጋዝ ነው። አያልቅም።

የመስታወት ክፍል፦ አያልቅም፣ ግን ኮምፕሬሰሩ ይንቀጠቀጣል። ምስሌን ማን ይመልስልኛል?

የሙቀት ክፍል፦ ኮምፕሬሰሩ ፀሐይ በሚመታው ወገን ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ጋ የሚደርሰው ቧንቧ ብቻ ነው። ፒስተኖቹም ፊት ለፊት ስለሚገፉ ንዝረቱ በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

የበጀት ክፍል፦ ጣልቃ ልግባ፣ የቴሌስኮፑን ክዳን ማን አሰበበት? ዋየር የምትባለው ትንሽ ሳተላይት በ1999 ገና እንደመጠቀች ኤሌክትሮኒክሱ ሲበራ ክዳኗን ያለጊዜው ወረወረች። ሙቀት ገባ፣ ማቀዝቀዣዋ የነበረው ጠጣር ሃይድሮጅን ተነነ፣ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ እሷኑ አሽከረከራት። ዋናው የኢንፍራሬድ ሥራዋ ሳይጀመር ቀረ። ለክዳን መክፈቻው ሰርኪዩት ፍተሻ በጀት ካልተያዘ እኔ አልፈርምም።

አስተባባሪ፦ ይያዛል እህቴ። ታንከሩ ወጣ፤ ጥላና ኮምፕሬሰር ገቡ። ሙቀት ክፍል፣ በሽቦው፣ በድጋፍ እግሮቹና በጨረር ስንት ሚሊዋት እንደሚገባ በሠንጠረዥ አምጡ፣ በግምት ሳይሆን። ኤል 2 (ከምድር ወዲያ፣ ከፀሐይ ተቃራኒ ወገን ያለው ስፍራ) ይሁን ወይስ እንደ ስፒትዘር ፀሐይን እየዞርን ምድርን ከኋላ እንከተል የሚለውን ግንኙነት ክፍል ይምከርበት፤ ምድርን መከተል ርካሽ ነው፣ ግን በየዓመቱ እየራቀ ስለሚሄድ ዳታ ማውረድ ይከብዳል።

የመስታወት ክፍል፦ እሺ፣ ግን የንዝረቱን ቁጥር በጽሑፍ እፈልጋለሁ።