ባጃጅና ድካም፦ ሰውነት «በቃኝ» ማለቱ በምን ይታወቃል?

ባለሦስት እግር፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ላይ የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ለባለቤቱ የተስማማነውን የቀን ገቢ አስገብቼ የተረፈው የእኔ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ተኩል፣ እሑድም አለበት። ጥምቀት ደርሷል፤ ከገሃድ እስከ ቃና ዘገሊላ ሌሊቱም ሥራ ነው። ማቆም ያለብኝን ሰዓት በምን ልወቀው? ቡናስ ምን ያህል ይይዛል?

ተረኛዋ፦
ወንድሜ፣ ማዛጋትን አትጠብቅ፤ ከእሱ በፊት የሚመጡ ምልክቶች አሉ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትወርድ አሁን ያለፍከውን መታጠፊያ ካላስታወስከው፣ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ብሎ ሁለተኛ ሲጮህ ብቻ ከሰማኸው፣ መልስ ስትቆጥር ከተሳሳትክ፣ ፍሬን ከወትሮው ዘግይተህ ከያዝክ፣ ያኔ ገደብህ ላይ ነህ። አንገትህ ዘንበል ካለማ አልፈኸዋል። አእምሮ ዓይን ተከፍቶም ቢሆን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሊተኛ ይችላል፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ሦስት ሰከንድ ማለት 30 ሜትር ያለ ነጂ ነው። ሙዚቃ ከፍ ማድረግና ፊትን መታጠብ ለጥቂት ደቂቃ እንጂ አይጠቅምም።

ሌላው የነቃህበት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው ምሽት 4 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞላው። በጥናት እንደታየው የዚያን ጊዜ ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 2 ተኩል ላይ ካቆምክ በኋላ «አንድ ኮንትራት ብቻ» የሚለውን ስልክ አታንሣ።

በቀን 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እየተኛህ ድካሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቀህ ግን ነገሩ የእንቅልፍ ብቻ ላይሆን ይችላል። የደም ማነስና ስኳር ተመርመር። ከባድ ማንኮራፋት ካለህም ለሐኪሙ ንገር።

ቡና ጠጭ፦
ስለ ቡናው። ሥራ የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሹ ገና ሰውነት ውስጥ አለ። ምሽት 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከቀኑ 9 በኋላ ባይጠጣ ይሻላል። ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥ ደስ ይላል፣ ግን ጨዋታ እንጂ እረፍት አይደለም።

የሚጠቅመው እንዲህ ነው፦ አንድ ስኒ ጠጣና ወዲያው 20 ደቂቃ ተኛ፤ ስትነቃ ቡናው ደርሶ ይጠብቅሃል። ከቀኑ 7 እስከ 9 የሰውነት ንቃት በራሱ ጊዜ ስለሚወርድ ለዚህ የተመቸ ነው። ጥላ ላይ አቁም፣ ቁልፉን ንቀል። የኋላ ወንበሩ አጭር ስለሆነ እግርህ ቢንጠለጠልም ግድ የለም፣ ጋቢ ጠቅልለህ አንገትህን ደግፈው። 40 ደቂቃ ከተኛህ ግን ከባዱ እንቅልፍ ውስጥ ትገባለህ፤ ደንዝዘህ ትነሣለህና መሪ ሳትይዝ ሩብ ሰዓት ተራመድ። ጫቱን ተወው፤ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም፣ ሲለቅ ደግሞ በአንዴ ነው።

ማራኪ ሰፈር፦
ለጥምቀቱ፦ እንቅልፍ አስቀድሞም ይከፈላል፤ ጥር 8 እና 9 ከወትሮው አንድ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ተኛ። ገሃድ ጾም ነው። ውሃም ሳትቀምስ ስለምትውል ከሰዓት በኋላ ራስ ምታትና መዘግየት ይመጣል፤ ይህን እንደ እንቅልፍ ድካም ቁጠረው። ስትገድፍ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ምግብ፤ ጥግብ ብለህ ወዲያው አትንዳ። ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ደግሞ የሰውነት ዝቅተኛው ሰዓት ነው። ታቦታቱ ፋሲል መዋኛ ባደሩበት ሌሊት ያንን ሦስት ሰዓት ለተለዋጭ ስጥ፤ ተለዋጭ ከሌለ አቁም።

ባለሦስት እግር፦
እሺ፣ ይህ ገባኝ። እሑድ ባልሠራ ግን ገቢውን ከየት አምጥቼ ልስጣቸው? ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ክፉም አይደሉም፣ «ደከመኝ» ስላቸው ግን ይስቃሉ።

ቡና ጠጭ፦
«ደከመኝ» አትበላቸው፣ ደብተር አሳያቸው። ሁለት ሳምንት የየሰዓቱን ገቢና ቤንዚን ለይተህ ጻፍ። ቤንዚኑን እንኳ የማይሸፍኑ ሰዓቶች ታገኛለህ፤ እረፍትህን እዚያ ላይ አድርግ። እሑድን ደግሞ በባጃጁ ስም ጠይቅ፦ ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ሸራ ማየት፣ ቅባት። «ጋሼ፣ እሑድ ግማሽ ቀን ሰርቪስ ይደረግለት፣ የዚያን ቀን ገቢ በግማሽ ይያዝልኝ» ብትላቸው ለንብረታቸው ነውና አይስቁም። የሥራ ውል ያለው ተቀጣሪ ቢሆንማ አዋጅ 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፤ በሳምንት አንዴም ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እረፍት አለው። የቀን ገቢ ስምምነት ላይ ያለህ መሣሪያ ግን ድርድር ነው።

ተረኛዋ፦
አንድ ነገር ረስቼ፦ ለ20 ደቂቃው እንቅልፍ ማንቂያ ደወል የምትሞላበትን ስልክ ኪስህ ውስጥ አታድርገው፣ በእንቅልፍ ልብህ ታጠፋዋለህ። ከመሪው አጠገብ አስቀምጠው፣ ተነሥተህ ካልሆነ እጅህ እንዳይደርስበት።