ሪቪው ላይ እንዴት እንነጋገር? የጋራ ረቂቅ፣ ሁለተኛ ዙር

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አይቶ አስተያየት የሚሰጥበት) ደንባችን ረቂቅ አንቀጽ 3 ላይ ቆመናል፤ «የፕሮጀክት መሪ ክብር የሚነካ ቃል አይጠቀምም» የሚለው ላይ። እሑድ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል፤ እስከ ዓርብ ጻፉ።

አባል (አዳማ)፦ እኔን አልጣመኝም። የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ስንት ዓመት ሰው ሲያንጓጥጥ ኖሮ ሊኑክስ ዓለምን ሞላ። ጥሩ ኮድ ቁጣ ይፈልጋል።

አባል (ፍራንክፈርት)፦ ወንድሜ፣ ያንኑ ምሳሌህን እንየው። ዲሴምበር 2012 ላይ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) አንድ ክፍል የሚጠብቅ ሜንቴነር ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ አስገባ። የሚመለሰው የስህተት ኮድ ተቀየረና የተጠቃሚ ፕሮግራሞች ተበላሹ። ሰውዬው ጥፋቱን ወደ ፕሮግራሞቹ ገፋ። ሊኑስ በትልልቁ ፊደል አፍህን ዝጋ አለው፣ ከነስድቡ። ነገሩ ላይ ትክክል ነበር፤ የተጠቃሚን ፕሮግራም አለመስበር የከርነሉ ትልቁ ሕግ ነው። ግን አንተ ራስህ አሁን ያስታወስከው ቁጣውን ነው፣ ሕጉን አይደለም። ሴፕቴምበር 2018 ላይ ደግሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሰው ስሜት መረዳት ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ ብሎ የከርነሉን 4.19 ስሪት ለሌላው ሜንቴነር ለግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ትቶ ወጣ። ኦክቶበር ላይ ተመለሰ። 4.19ም በዚያው ወር ወጣ።

ሰብሳቢው፦ ወረቀት ብቻውንም አያድንም። የከርነሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አንዲት አጭር ሰነድ አጽድቀው ነበር፤ ስሟ ራሱ «የግጭት ደንብ»! በ2018 በሥነ ምግባር ደንብ ተተካች። ኖቬምበር 2024 ላይ ግን የቢካሽኤፍኤስ (የሊኑክስ አንድ የፋይል ሥርዓት) መሪ ኬንት ኦቨርስትሪት ባልደረባውን በመዝለፉ በከርነሉ 6.13 ስሪት ዙር ፑል ሪኩዌስቱ (ኮዴ ይካተት የሚለው ጥያቄ) አይወሰድም ተባለ። ጥርስ ያለው ደንብ ይሄ ነው። የእኛ ረቂቅ መሪው ቢጥሰው ምን እንደሚሆን አንድ መስመር የለውም።

ተማሪ አባል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔም ልናገር። ክረምት ላይ ለግዕዝ ኪቦርዳችን ፑል ሪኩዌስት አስገባሁ። ማንም አልሰደበኝም። «በርታ፣ እናየዋለን» ተባልኩ። ሦስት ወር አለፈ። ከዚያ ማኪያቶ ላይ «የልጁ ኮድ አይረባም» መባሉን ከጓደኛዬ ሰማሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የቱ መስመር እንደሆነ አውቅ ነበር።

አባል (አዳማ)፦ ኧረ በስመአብ። እኔም እዚያ ማኪያቶ ላይ ነበርኩ። ይሉኝታ ይዞኝ ነው ያልጻፍኩልህ። ኮድህ ላይ ያየሁት ይህ ነው፦ የኪቦርዱ ማጥፊያ አንዴ ሲነካ ሁለት ፊደል ይበላል።

አባል (ፍራንክፈርት)፦ የቁጣው ጠበቃ በይሉኝታ ተያዘ 😄 እንግዲህ የእኛ በሽታ የሊኑስ አይደለም ማለት ነው።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲያው አንቀጹን እንዲህ ልቀይረው። መሪው ፑል ሪኩዌስት በገባ በ7 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ካልተቀበለም መስመሩንና ምክንያቱን ይጽፋል። ስለ ኮዱ እንጂ ስለ ሰውየው አይጻፍም። አማርኛችን ደግሞ ሰውየውን ግሱ ውስጥ ይሸጉጠዋል፤ «አበላሸኸው» ሲባል የተከሰሰው ልጁ ነው። «ይህ መስመር ሁለት ፊደል ያጠፋል» ይባል። አቤቱታ ሦስት አባላት ያዩታል፤ የተከሰሰው መሪ አብሯቸው አይቀመጥም።

ሰብሳቢው፦ 7 ቀን ለበጎ ፈቃደኛ ያጥራል። 14 ይሁን።

አባል (አዳማ)፦ 10 በሉት። አንተ ልጅ፣ ፑል ሪኩዌስቱን ዘግተኸዋል እንዴ?

ተማሪ አባል፦ አልዘጋሁትም። አሁንም ክፍት ነው።