ከ11,500 ብር ላይ ቫት ስቀንስ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ፣ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ

የእንጨት ሥራ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁለት መደርደሪያ ልሠራ ቫትን ጨምሮ በ11,500 ብር ተስማምቻለሁ። ፕሮፎርማው ላይ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ፣ ቫቱና ጠቅላላው ለየብቻ ይጻፍ ተባልኩ። የ11,500ን 15 በመቶ ሳሰላ 1,725 መጣ፣ ስቀንሰው 9,775። ለማረጋገጥ 9,775 ላይ መልሼ 15 በመቶ ስጨምር 11,241 ብር ከ25 ሳንቲም ይለኛል። 258 ብር ከ75 የት ገባ? ካልኩሌተርም ቀይሬያለሁ። የግዥ ክፍሏ ልጅ እስከ 11 ሰዓት ካላመጣሽ ለሌላ እንሰጣለን ብላኛለች፣ አሁን 9 ተኩል ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
ካልኩሌተሩ ኮሚሽኑን ቆርጦ ይሆናል 😂 አይዞሽ፣ የሚያውቁት እየመጡ ነው።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ በመቶ ማለት ከመቶ እጅ ማለት ነው። ችግሩ ያለው "የምኑ መቶ?" የሚለው ላይ ነው። 1,000 ብር የነበረ ጫማ 20 በመቶ ቢቀንስ 800 ይሆናል። በሳምንቱ ነጋዴው 20 በመቶ ልጨምር ቢል ግን 960 እንጂ 1,000 አይመጣም። የቀነሰው ከ1,000 ላይ ነው፣ የጨመረው 800 ላይ ነው። ተማሪዎቼን ስንት ዓመት በዚህ ጫማ አስተማርኳቸው!

ሸዋ፦
ለ1.15 አካፍይው፣ አለቀ።

ቀስተ ደመና፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ቫት ተመዝጋቢ ነሽ? ካልተመዘገብሽ ቫት ብለሽ መጻፍም መሰብሰብም አትችይም። ደግሞስ ለምን ቫትን ጨምረሽ ትዋዋያለሽ? ከቫት በፊት ይሄን ያህል ብለሽ ብትነግሪያቸው ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

የእንጨት ሥራ፦
ተመዝግቤያለሁ፣ የደረሰኝ ማሽንም አለኝ። ዋጋውን እነሱ ናቸው እንዲህ ያሉት። ግን ለምን ይካፈላል? ሳይገባኝ ጽፌ ብጠየቅ ምን እላለሁ?

ሒሳብ ሹሟ፦
እህቴ፣ በትንሹ እዪው። ያንቺ ዋጋ 100 ብር ቢሆን ቫቱ 15፣ ደንበኛው የሚከፍለው 115 ነው። ስለዚህ 11,500 በ115 እጅ የተከፈለ ነው፣ አንዱ እጅ 100 ብር። መቶው እጅ 10,000፣ ያንቺ ነው። 15ቱ እጅ 1,500፣ ቫት ነው። አንቺ 15 በመቶ ያሰላሽው ቫቱ የገባበት ዋጋ ላይ ነው፣ ቫት የሚታሰበው ግን ካንቺ ዋጋ ላይ ነው። በ9,775 ብትጽፊ ከገዛ ዋጋሽ 225 ብር ይቀርብሽ ነበር።

ዘመድኩን፦
እኔም የምለው ያው ነው፣ 115 ከመቶ ማለት 1.15 ነው፣ ለሱ ማካፈል። 10,000 ይመጣል።

ሸዋ፦
ብያለሁ እኮ።

አዲስ ገቢ፦
ከርዕሱ ወጣሁ እንዳትሉኝ። ሦስት ጓደኛሞች 50 ሺህ፣ 30 ሺህና 20 ሺህ አዋጥተን ዳቦ ቤት ከፈትን። ትርፉ 40 ሺህ ነው፣ እኩል እንካፈል ይላሉ። ልክ ነው?

ሒሳብ ሹሟ፦
በመዋጮው ከሆነ ድርሻችሁ 50፣ 30 እና 20 በመቶ ነው፤ 20 ሺህ፣ 12 ሺህና 8 ሺህ ይደርሳችኋል። ግን ሌሊት ተነስቶ ሊጥ የሚያቦካው ማነው? የጉልበቱን ካልተነጋገራችሁ በመቶው ብቻ አያስታርቃችሁም። ስትስማሙ በጽሑፍ አድርጉት።

ጋሽ መምህር፦
የመደርደሪያዋ ልጅ፣ 11 ሰዓት ሊሞላ ነው። አደረስሽው?